በግራ በኩል ያለው ጎማ

«እሷማ የኔ ናት፤ ለጊዜው አንድ ሴትዮ ግቢ አቁሜያት ነው እንጂ።»

ካግዊሪያ ይህን የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ለቁርስ ቻፓቲ ስትዳምጥ ነው። ተናጋሪው የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ጊቶንጋ ሲሆን ሳሎን ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልክ ያወራል። ጊቶንጋ ስልክ ሲያወራ ሸለቆ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ መስማቷ የጆሮዋ ጥፋት አልነበረም። «አንድ ሴትዮ» የተባለችው ራሷ ናት። ግቢውም የራሷ ነው፤ ሜሩ ከተማ ውስጥ፣ ከማኩታኖ ገበያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ዜናውን በነፃ የሚሰሙበት ጠባብ ግቢ። «እሷ» ደግሞ አቮካዶው ሥር የቆመችው ደብል ጋቢና ፒክአፕ ናት። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ድንችህን በሷ ነው የማወርድልህ፤ አታስብ፤» አለ ጊቶንጋ ቀጥሎ፣ ሶፋውን እያንቋቋ። ካግዊሪያ ሊጡን መዳመጧን ቀጠለች። ብቻ ያ ቻፓቲ ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ስስ ሆኖ ወጣ፤ መጥበሻው ላይ ስታሳርፈው ወዲያው አረረ። ለጊቶንጋ እሱን ከላይ አድርጋ አቀረበችለት።

ኪሪንያ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ላይ ማንም ጥያቄ አላነሳም። ስለ መኪናዋ ግን የባሏ ዘመዶች መነጋገር ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። የኪሪንያ እናት የሚኖሩት ከተራራው ጥግ፣ የሻይ ማሳው አልቆ ደኑ ከሚጀምርበት ቦታ ነው። ኪሪንያም የተቀበረው እዚያው፣ ከእናቱ ቤት ጀርባ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የመጨረሻው ዳገት በበጋ መንገድ ነው፤ በዝናብ ወራት ግን ቀይ ቅባት ይሆናል። ካግዊሪያ በዚህ ክረምት ሞክራ፣ የፊት ጎማዎቹ አልይዝ ብለዋት፣ መኪናዋን ከታች ሻይ መሰብሰቢያው ጋ ትታ በእግሯ ወጥታለች። ይህን ያየ ሰው ለጊቶንጋ ነገረው፤ ጊቶንጋ ደግሞ ላልሰማ ሁሉ አሰማው። በዘመድ ስብሰባው ላይ የቤተሰቡ ታላቅ አጎት ኢኪያራ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ኪሪንያ መኪናዋን የገዛት እናቱ ደጅ ለመድረስ ነው፤ እንግዲህ ለሚያደርሳት ትሰጥ፤» አሉ። ጊቶንጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ ኪሱ የገባ ያህል ነበር የሚራመደው። አሮጊቷ እናቱ ግን ሰው ሁሉ ለመሄድ ሲነሣ፣ «በዝናብ ከደጄ ታድርሳትና እንይ፤» አሉ። በዚህ ተስማሙ። ራሷ እየነዳች ደጅ ድረስ ካመጣቻት የመኪናዋ ወሬ ያበቃል። ዳገቱ ላይ ከቀረች ደግሞ ቁልፉ የጊቶንጋ ነው። የተቀጠረው ለዛሬ ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ጊቶንጋ ትናንት ማታ የመጣው «ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ» ነው፤ የማታቱው ሚኒባስ መሳፈሪያ ስለመወደዱም አብሮ አንሥቷል።

ካግዊሪያ ስለ ድንች ጫኙ ሰው ምንም አላሰበችም ማለት አይቻልም። ግን የሚያንገበግባት እሱ አልነበረም። መኪናዋ ከሄደች፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደዚያ ተራራ ለመውጣት የጊቶንጋን ፈቃድ መጠበቅ ሊኖርባት ነው። ሲመቸው ይወስዳታል፤ ሳይመቸው ድንች አለበት። እዚያ ላይ የሚጠብቋት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሌላው ምንም የማያመው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ዕቁብ ሲደርሳት ገንዘቡን ይዛ ሙጋምቢ ጋራዥ መሄድ ነበር።

ቁርሱ ላይ ጊቶንጋ ያላነሣው ዋጋ የለም። ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ናፍጣ፣ የልጆች ጫማ፣ የትልልቅ ሰዎች ጫማ። የትልልቅ ሰዎች ጫማ ላይ ሲደርስ እግሩን ትንሽ ወጣ አደረገ። ሹል አፍንጫ ያለው፣ ካራሜላ ቀለም፣ ለዛሬው ስብሰባ የተገዛ ጫማ ነው። ማታ ሲተኛ ከሶፋው ሥር ጋዜጣ አንጥፎ ነበር ያስቀመጣቸው። ካግዊሪያ «ያምራሉ፤» አለች፤ እውነትም ያምሩ ነበር። ኪሪንያ በነበረበት ጊዜ በሁለቱ መሃል የሚያወራው እሱ ነበር፤ አሁን ያ ቦታ ባዶ ሆኖ የሻይ ፔርሙሱ ነው የተቀመጠበት።

«ታዲያ በየት በኩል ልንወጣ ነው?» አለ ጊቶንጋ አፉን እየጠረገ።

«መጀመሪያ ጋራዥ አለብን።»

«ተበላሽታለች?» ድምፁ ውስጥ ያለውን ተስፋ ሊደብቀው ሞክሯል።

«አልተበላሸችም። ትስተካከላለች።»

የሙጋምቢ ጋራዥ ከዋናው መንገድ በታች፣ ከአንጥረኞችና ከሶፋ ሠሪዎች ቀጥሎ ያለ፣ ጣራው ከተለያየ ቆርቆሮ የተለቃቀመ መጠለያ ነው። ሙጋምቢ ልጁ ካግዊሪያ ዘንድ ባዮሎጂ ስለምትማር «ቲቸር» ነው የሚላት፤ ልጁ ፈተና በወደቀች ሰሞን ሥራውን ዘግየት ያደርጋል የሚሉት አሉ፤ ካግዊሪያ ግን አታምንም። ዛሬ ግን መኪናዋ ገና ሳትቆም ክሪኩን ይዞ ወጣ። አዲሶቹ የፊት ጎማ መቆለፊያዎች በካርቶን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥንዶቹ አንድ ላይ የምትታለብ ፍየል ያህል ዋጋ አውጥተዋል። እያንዳንዳቸው ከመዳፍ የማይበልጡ፣ መሃላቸው ላይ በጣት የሚዞር ነገር ያላቸው፣ ዙሪያቸውን ደግሞ «ልቅ» እና «ቁልፍ» የሚሉ ምልክቶች የተቀረጹባቸው ናቸው።

አሮጌዎቹ በራሳቸው የሚሠሩ ነበሩ። ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ ትንሿን ማርሽ ሲጎትት የፊት ጎማዎቹ ራሳቸው ከኃይሉ ጋር ይያያዛሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው። አርጅተው ግን ሲያሻቸው ይይዛሉ፤ ሲያሻቸው ቀጭ ቀጭ ብለው ይለቃሉ፤ በተለይ ዳገት ካዩ ይለቃሉ። ሙጋምቢ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አሮጌውን ሲያወጣው ከውስጡ ጥቁር ግራሶና የተበላ ብረት ወጣ። ለካግዊሪያ በጨርቅ ይዞ አሳያት።

«እነዚህ እኮ በራሳቸው ይሠራሉ ተብለው የተቀጠሩ የቢሮ ሰዎች ናቸው፤» አለ። «ካልቆሙላቸው አይሠሩም። እርስዎን አይጨምርም፣ ቲቸር።»

«እኔም ቅዳሜ አልሠራም፤» አለች ካግዊሪያ።

ጊቶንጋ ዘይት ያልነካው በርጩማ ፈልጎ፣ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀምጦ ነበር። ከዚያው ሆኖ «ሰው ወደ ፊት ይሄዳል፣ እናንተ ወደ ኋላ፤» አለ። «በራሱ የሚሠራውን አውጥታችሁ በእጅ የሚዞር ታስገባላችሁ። ነገ ደግሞ በማንቬላ አስነሷት። ከነገ ወዲያ በሬ ጥመዱባት።»

«ጋሼ፣ በሬው ዳገቱን ይወጣል እኮ፤» አለው ሙጋምቢ፣ ራሱን ከጎማው ሳያወጣ።

ሥራው ጊዜ ወሰደ። አሮጌው መቆለፊያ ከወጣ በኋላ ከኋላው ያለውን ማሰሪያም መቀየር ነበረበት፤ ለአሮጌው የተሠራው ለአዲሱ አይሆንም። ሙጋምቢ ኩሽኔታውን አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ በመዳፉ እየጨመቀ ሞላው፤ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ ትንሽ አላላ፣ ደግሞ አሽከረከረው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ጎረቤቱ ሶፋ ሠሪ ገባ ብሎ ስለ ስፖንጅ መወደድ አማርሮ ወጣ። ጊቶንጋ ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶት ነቃ። በመጨረሻ ሙጋምቢ እጁን በመጋዝ ብናኝ እያሸ ተነሣና የመኪናዋን ቁልፍ ኪሱ ከተተው። ደንቡ ነው። ሙጋምቢ እነዚህን መቆለፊያዎች ለገጠመለት ሰው ሁሉ ባለቤቱ በገዛ እጁ አዙሮ ካላሳየው ቁልፍ አይሰጥም። ጭቃ ላይ ከመኪናው መውረድ ረስተው፣ የሸጥክልኝ ዕቃ አይሠራም ብለው በሰው ፊት የሰደቡት ደንበኞች ናቸው ይህን ያስተማሩት።

«ያዙሩ፣ ቲቸር።»

ካግዊሪያ በግራ በኩል ካለው ጎማ ፊት ቁጢጥ ብላ አዞረችው። ቀጭ አለ። ዞራ ሄዳ የቀኙንም አዞረች። ሙጋምቢ በጫማው አፍንጫ ጎማዎቹን እያመለከተ፣ ልጆች እንደሚያስጠና ሰው ዝግ ብሎ ነገራት። «ጭቃው ሳይጀምር፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ይውረዱ፤ ሁለቱንም ይቆልፉ። አንዱን ቆልፎ አንዱን መርሳት ምንም እንዳልነኩ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ በተለቀቀው በኩል ሾልኮ ያልቃል። ሲመለሱ ደግሞ አስፋልቱ ሳይደርስ ሁለቱንም ይልቀቁ። ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም፤» አለች።

እንደ አዲስ ሲነግራት ዝም ብላ ሰማችው እንጂ ነገሩ አዲስ አልነበረም። ገና እንደተጋቡ የነበረቻቸው አረንጓዴ አሮጌ ፒክአፕ እንዲህ ዓይነት መቆለፊያዎች ነበሯት። መሪው በቀኝ ነው፤ ኪሪንያ በቀኝ ይወርዳል፣ እሷ በግራ። እያንዳንዳቸው በየበራቸው በኩል ያለውን ጎማ ይቆልፉና መኪናዋ አፍንጫ ላይ ይገናኛሉ። «ተቆልፏል?» ይላታል። «ተቆልፏል፤» ትለዋለች። እንዲህ እናድርግ ብለው የተስማሙበት ቀን የለም፤ በቃ እንደዚያ ነበር። አንዳንድ ቀን አፍንጫዋ ላይ ቆመው፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ ከጎማ ጋር የማይገናኝ ነገር ያወሩ ነበር። በኋላ ይህችኛዋን ሲገዙ ኪሪንያ «ከእንግዲህ እግርሽ ጭቃ አይነካም፤» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። እሷም ደስ ያላት መስላ ነበር።

ሙጋምቢ ሁለቱንም መልሶ ለቀቃቸውና ቁልፉን ሰጣት።

ከከተማው ሲወጡ የቅዳሜ ገበያ ሞልቶ ነበር። ካግዊሪያ ለአማቷ ሩዝ፣ ዳቦ፣ የምግብ ቅባትና ለጉልበታቸው የሚቀቡትን መድኃኒት ገዛች። ጊቶንጋ ሌላ ጋዜጣ ገዛ፤ መኪናዋ ወለል ላይ አንጥፎ እግሩን አሳረፈበት። አስፋልቱ ላይ ጥሩ ጊዜ አሳለፉ ማለት ይቻላል። ጊቶንጋ ከመስኮቱ እያየ የማን ቤት ጣራው እንደተቀየረ፣ የማን ልጅ ናይሮቢ ሄዶ ፂም ይዞ እንደመጣ፣ የትኛው ሥጋ ቤት ሚዛኑ ላይ ጣቱን እንደሚያሳርፍ ነገራት። ከልቡ ሲያወራ ኪሪንያን ይመስላል፤ አፉን ወደ አንድ ጎን ሰብሰብ ያደርጋል። ይህን ስታይ ካግዊሪያ ዓይኗን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ወሬው ቀነሰ። የሻይ ማሳው ግራና ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ጭጋግ ከላዩ ተኝቷል። ሻይ መሰብሰቢያው ጋ ሲደርሱ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ደልዳላ ቦታ ላይ አቆመች።

ጊቶንጋ ሳይጠየቅ «እኔ አልወርድም፤» አለ። «እኔ ምስክር ነኝ እንጂ ረዳት አይደለሁም።»

«ማን ይውረዱ አለዎት፣ የሙሩንጊ አባት?» አለችው፤ በልጁ ስም ነው የምትጠራው።

«አይ፣ አስቀድሜ መናገሬ ነው። ጫማዬም አዲስ ነው።»

የላስቲክ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወረደች። ዝናቡ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞራ ግራው ጎማ ዘንድ ጎንበስ አለችና መቆለፊያውን አዞረችው። ቀጭ አለ፤ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ጊቶንጋ ከላይ በመስኮቱ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ እንደማያያት ሆነ። ካግዊሪያ ቀና ብላ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ወደ አፍንጫው መጣችና ትንሽ ቆመች። ዳገቱን አየችው። ውሃ በመሃሉ እየወረደ ነው። ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ትንሿን ማርሽ ጎተተችና ተነሣች።

ግማሽ ድረስ መልካም ነበር። ዳገቱ የሚታጠፍበት፣ ሙዝ የተተከለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማዎቹ መዞር ጀመሩ። ሞተሩ ጮኸ፤ ጭቃው ወደ ኋላ ተረጨ፤ መኪናዋ ግን ባለችበት ሆና ዳሌዋን ወደ ቦዩ ማዘንበል ያዘች። ካግዊሪያ እግሯን አነሣች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

ቢያሾፍባት ይሻላት ነበር። ጊቶንጋ ግን ጋዜጣውን አጥፎ፣ በለሆሳስ «አይዞሽ፤ ሞክረሻል፤ ማንም አልሞከረችም አይልሽም፤» አላት። በሩን ከፈተና ሣር ያለበትን ቦታ መርጦ፣ አንድ እግሩን አሳርፎ፣ ሁለተኛውን አስከትሎ ወረደ። ጃንጥላውን ዘረጋ። ስልክ የሚይዝበትን ቦታ ፍለጋ ጥቂት ወደ ታች ራመድ ብሎ፣ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ ደወለ። «አጎቴ! አዎ፣ እኔ ነኝ። ቆማለች። ቆማለች ነው የምልዎ፤ ሙዞቹ ጋ። ገመድ ያለው ሰው ይላኩ። አዎ፣ አብሬያት አለሁ፣ ምን ይደረግ…»

ካግዊሪያ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከዚህ በላይ፣ ከሁለት መታጠፊያ በኋላ፣ የቤቱ ጣራ ይታያል። ሙጋምቢ አታለለኝ ለማለት ሞከረች፤ ሙጋምቢ ግን አያታልልም። ታዲያ የፊት ጎማዎቹ ለምን አልጎተቱም? በሯን ከፍታ ወደ ታች አየች። ከእግሯ ሥር ያለው ጎማ ላይ፣ ጭቃ በተረጨበት መቆለፊያ መሃል፣ ምልክቱ «ልቅ» የሚለው ላይ ነው፤ ሙጋምቢ እንደተወው። ወረደች። ጭቃው ቦቷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጠው። በአፍንጫው ዞራ ግራውን አየች። እሱ ተቆልፏል፤ በደንብ፣ እስከ መጨረሻው።

የራሷን ቆልፋ የኪሪንያን ትታ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የሷ ድርሻ ግራው ነው። እጇ ድርሻውን ጨርሶ፣ እግሯ አፍንጫው ጋ መጥቶ ጠብቋል፤ ማንን እንደሚጠብቅ ግን እስከ አሁን ለራሷም አልነገራትም። ካግዊሪያ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆማ በአፍንጫዋ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ዞራ ሄደች። የቀኙ መቆለፊያ በጭቃ ተደፍኗል፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችውና በሁለት እጇ አዞረችው። ተንገራግሮ፣ ተንገራግሮ፣ ቀጭ አለ።

«ተቆልፏል፤» አለች፣ ለማንም።

ገብታ መኪናዋን ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቀቻት፤ ከዚያ በከባዱ ማርሽ፣ ሳትቸኩል፣ ነዳጅ ሰጠቻት። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የተነሣው አፍንጫዋ ነው። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ እጇን ይዞ የሚስባት ያህል፣ መኪናዋ ጭቃውን እያኘከች ወደ ላይ ተንፏቀቀች። ጊቶንጋ አሁንም ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩ ውስጥ እየጮኸ ነበር፤ ሲዞር የኋላ መብራቱን ነው ያየው። ልታቆምለት አስባለች፤ ይህን ማንም ሊነፍጋት አይገባም። ግን በዚያ ዳገት ላይ ያቆመ ሰው ከታች ጀምሮ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው።

«ቆይ፤ ቆይ እንጂ፣ የንኪሮቴ እናት፤» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ንኪሮቴ ናይሮቢ የምትማረው ልጇ ናት። ድምፁ በመታጠፊያው ቀረ።

አማቷ ግቢ ስትገባ አጎት ኢኪያራ በረንዳው ላይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ነበር። ሁለት ጎረቤቶች ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊወርዱ ሲሉ መኪናዋ ፊታቸው መጣች። ካግዊሪያ ከደጁ ደረጃ አጠገብ አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ሽማግሌው መኪናዋን አዩ፤ ስልኩን አዩ።

«የት ነው ቆመች ያልከኝ?» አሉ ስልኩ ውስጥ።

ጊቶንጋ ከስልኩ ማዶ እያለከለከ «ሙዞቹ ጋ» ሲል ለሁሉም ተሰማ።

አጎት ኢኪያራ ከበረንዳው አጠገብ የተተከሉትን ሙዞች ቀና ብለው ቃኙ። «እዚህም ሙዝ አለ፤» አሉና ዘጉት።

አሮጊቷ ማዳበሪያ ከረጢት ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው በምርኩዛቸው እየተረዱ ወጡ። ለካግዊሪያ ሰላምታ ሳይሰጡ መጀመሪያ ወደ መኪናዋ ሄዱ። የፊት ጎማውን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ መሃሉ ላይ ያለውን አዲሱን ነገር ጎንበስ ብለው አዩት። የጥንቷን አረንጓዴ ፒክአፕ ያስታውሳሉ። ልጃቸውና ሚስቱ ከግራና ከቀኝ ጭቃ ለብሰው ሲወርዱ እያዩ ሲስቁባቸው ኖረዋል።

«ማን ቆለፈልሽ፣ ልጄ?»

«እኔው ነኝ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። የካግዊሪያን እጅ ያዙና፣ ጭቃ እንደሆነ፣ ሳይለቁት ወደ ቤት ገቡ።

ጊቶንጋ የደረሰው ከድንችና ከበቆሎ የተደቆሰው ሙኪሞ ወጥቶ ሰው እጁን ሲታጠብ ነው። አንዱን ጫማ አድርጓል፤ ሁለተኛውን በእጁ ይዟል። ሁለቱም ካራሜላ ቀለም መሆናቸውን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ደጁ ላይ ቆሞ መኪናዋን ዙሪያዋን አያት፤ ይህች ሌላ መኪና ትሆናለች ብሎ የሚጠራጠር ይመስል ነበር። ማንም አልሳቀበትም፤ ቢስቁበት ቀላል ይሆን ነበር። እናቱ ሙቅ ውሃ በሳፋ ሰጡት፤ አጎት ኢኪያራ ደግሞ እጃቸውን እያደረቁ፣ ስለ አየሩ የሚናገሩ ያህል፣ «እንግዲህ የመኪናዋ ነገር አለቀ፤» አሉ። ጊቶንጋ ተቀመጠና በላ። ጨው እንዲያቀብሉት አንዴ ጠየቀ። ስለ ዋጋ ግን አላነሣም።

ከምሳ በኋላ ካግዊሪያ ብቻዋን ከቤቱ ጀርባ ሄደች። ብዙ አልቆየችም። መቃብሩ ላይ የበቀለውን አረም ነቃቀለች፤ ዝናቡ የሸረሸረውን አፈር በእጇ መለሰች፤ ተመልሳ እጇን ታጠበች። አሮጊቷ በወጥ ቤቱ መስኮት አይተዋት ነበር፤ ስትገባ ድስት የሚያጥቡ መስለው ቆዩ።

ሲመለሱ ጊቶንጋ ከፊት ተቀመጠ። ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማዎቹን እናቱ በላስቲክ ጠቅልለውለት ጉልበቱ ላይ አሉ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አላነጠፈም። ዳገቱን ወርደው ሻይ መሰብሰቢያው ጋ ደረሱ። ደልዳላው ቦታ ላይ አቆመች። በበሯ ወረደች፤ በዚህ ጊዜ አስባበት፣ መጀመሪያ የቀኙን ያዘች፤ ምልክቱን «ልቅ» የሚለው ላይ አደረሰችው። ከዚያ ግራውን ለመድረስ በአፍንጫው ስትዞር ጊቶንጋ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጎማው ፊት ጎንበስ ብሎ አገኘችው። መቆለፊያውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ወደየት ነው የሚዞረው?» አለ ቀና ሳይል።

«ወደ ላይ። ምልክቱ ‹ልቅ› የሚለው ጋ እስኪደርስ።»

አዞረው። ቀጭ አለ። ተነሥቶ መዳፎቹን አየ፤ የሚጠርግበት ነገር አጣ። ካግዊሪያ ሻሿን ሰጠችው። አፍንጫው ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ዝናቡ ሊያባራ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚባል ጊቶንጋ አያውቅም፤ ከየት ያውቃል።

«ተለቋል?» አለችው።

«ተለቋል፤» አለ።

አስፋልቱ ላይ ከወጡ በኋላ ስልኩ ጮኸ። አይቶ ዘጋው። እንደገና ጮኸ። በሦስተኛው አነሣውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ካግዊሪያ ጊቶንጋ በስልክ ሲያወራ ለመስማት ጆሮዋን ማቆም ያስፈለጋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለድንቹ ሌላ መኪና ፈልግ፤» አለ በሹክሹክታ። «አይ፣ አልተበላሸችም። ባለቤቷ እየነዳቻት ነው።»